ከፍራሹ ክምር ጀርባ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያነሰው ከጎኔ ይቀመጥ፤ ሥራ የያዘም ሥራውን ሳይተው ጆሮውን ብቻ ያውሰኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንዲት ፍራሽ ሰፊንና የባሏን ነገር ነው። የሚያስቀው ይበዛል፤ የሚያስጨንቀውንም ግን ዘልዬ አላልፈውም። ትን እንዳይላችሁ ቀስ እያላችሁ ሳቁ።

ሴትዮዋ ፍራሽ ፋብሪካ ውስጥ ጠርዝ ሰፊ ናት። ስፖንጁ ተቆርጦ፣ ጨርቁን ለብሶ ይመጣላታል፤ እሷ ደግሞ በስፌት መኪናዋ ስር እያዞረች ዙሪያውን በጥብጣብ ትዘጋዋለች። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ፍራሹ ግን ከእሷ ይረዝማል፣ ማእዘኑ ላይ ሲደርስም አልዞርም ብሎ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ትከሻዋን ታስደግፍና "ና እንጂ የኔ ጌታ፣ አታልፋኝ" እያለች ታባብለዋለች። ስሟም እትዬ ጠርዝ ሆኖ ቀረ። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሲቆጣ ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መሪውን አስረክቦ ወጣ እንጂ ሾፌርነቱን አላስረከበም። ከኋላው ስታልፍ "ጥሩምባ ንፊ እንጂ" ይላታል። ሲጠግብ "ሞልቷል፣ ሌላ አልጭንም" ብሎ ሳህኑን ይገፋል። ይህ ሰው በዚያ ሰሞን ቀኝ ጎኑን ይዞ ማቃሰት ጀመረ። ቢመረመር የሐሞት ጠጠር ተባለ።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሳይከፍል የተሳፈረ ሳስወርድ ኖሬ፣ ይሄው በስተርጅና ጠጠር በነፃ ተሳፈረብኝ" አለ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። "ይሄ ነገር ሳይቆጣ ይውጣ" ብሎ ለሐሙስ ኦፕራሲዮን ቀጠረው። እትዬ ጠርዝ ሐኪሙ አለመሳቁን ልብ አለች። ባሏ ፊት ሳቀችለትና መንገድ ላይ መሐረቧን በእጇ ጨምድዳ ጨምድዳ ሌላ ቅርጽ አስያዘችው።

ሰኞ ጠዋት ባሏንም የሚሸፍነውን የፋብሪካውን የኢንሹራንስ ካርዷን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ መስኮት ሄዱ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ካርዱን ተቀበለች፣ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች፣ ካርዱን አገላብጣ አየችው፣ እንደገና ነካ ነካ አደረገች።

"አይሠራም" አለች።

"ካርዱ ነው ኮምፒውተሩ?" አለች እትዬ ጠርዝ።

"ኢንሹራንሱ ነው እናቴ። ተቋርጧል። መሥሪያ ቤታችሁ ነው ያቋረጠው፣ ባለፈው ሳምንት።"

"እንዴ! ማን ነገረኝ?"

"እኔ፤ አሁን።"

ባልየው አንገቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። "ልጄ፣ አውቶቡስ እንኳ መሃል መንገድ ላይ ሲበላሽ ሾፌሩ ዞር ብሎ 'ውረዱ' ይላል። የኛው ሾፌር በመስኮት ዘሎ ወርዶ ነው ወይ የሄደው?"

ልጅቷ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደግሞ መሳቋ አሳፈራት። ደግ ልጅ ነበረች። "ቀኑን አልሰርዝባችሁም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እስከ ረቡዕ ካርዱ ከተከፈተ ሐሙስ ይገባሉ። ካልተከፈተ ግን ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው።"

እትዬ ጠርዝ ባሏን ቤት አስገብታ፣ ትራሱን ደርባለት፣ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ገሰገሰች። ስትደርስ ግን አሠሪው ፍራሽ ላይ ተኝተው ነበር።

ይህን ላስረዳችሁ። የፋብሪካው ባለቤት በየጠዋቱ ከትናንት ሥራ አንዱን ፍራሽ ያስመርጡና ጠረጴዛ ላይ ያስዘረጉታል። ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ጠረጴዛው ወገብ ድረስ ስለሚደርስ ጀርባቸውን ሰጥተው ቁጭ ይሉበታል፣ ከዚያ እግራቸውን ሰቅለው ጋለል ይላሉ። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያጣምራሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ መኪናው ሁሉ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይተው "ይሄዳል!" ይላሉ፤ እግራቸውን ወደ መሬት ለቀቅ አድርገው ሸርተት ብለው ይቆማሉ፤ ፍራሹም ወደ ገበያ ይወጣል። "አይሄድም" ሲሉ የሰማቸው የለም። ስለዚህ ጋሽ ይሄዳል ይባላሉ። በፊታቸው "ጋሼ" ብቻ ነው።

እትዬ ጠርዝ ቆማ ጠበቀች። "ይሄዳል!" አሉ። ወረዱ።

"ጋሼ፣ ኢንሹራንሳችን ተቋርጧል አሉኝ።"

"አዎ፣ አቋረጥኩት" አሉ ጫማቸውን እየፈለጉ።

"እኛ እኮ አልሰማንም!"

"እንዴት አልሰማችሁም? ለጸሐፊዋ ነግሬያታለሁ።"

ጸሐፊዋ ከቢሮው በር ላይ ብቅ አለች። "ለኔ ነገሩኝ እንጂ ንገሪ አላሉኝም" ብላ ተመልሳ ገባች።

"እሺ ለምን ጋሼ? ምን አጠፋን?"

ጋሽ ይሄዳል ፈገግ አሉ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። "ምንም አላጠፋችሁም፣ እንዲያውም ተባረኩ። ይሄን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ አንዳችሁ 'አመመኝ' ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ቀን? ስፖንጁ ይሁን አየሩ እንጃ፣ እንደናንተ ያለ ጤነኛ አላየሁም። ለናንተ ኢንሹራንስ መግዛት ለዓሣ የዝናብ ልብስ ማሰፋት ነው።"

ይህን እያሉ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ጣራ ሊነካ ከደረሰው የፍራሽ ክምር ጀርባ፣ ከደረት የወጣ ረጅም ሳል ተሰማ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ።

"ላስቲክ ነው ጋሼ!" አሉ ፍራሽ የሚያሽጉት አሮጊት፣ እማማ ላስቲክ፣ ከጥቅሉ አንድ ክንድ ሙሉ ስበው እያንኮሻኮሹ። "ላስቲኩ ነው እንዲህ የሚለው፣ ዘንድሮ የመጣው ጥሩ አይደለም።"

"ያውልሽ! ላስቲክ ነው የታመመው" ብለው ስቀው ገቡ።

እትዬ ጠርዝ ዞር ብላ ክምሩን አየች። ያ ሳል የላስቲክ አልነበረማ! የስፖንጅ ቆራጩ ሳል ነበር። ሰዎቹ ቢላው ይሉታል፤ አስም አለበት። ከክምሩ ጀርባ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ጎድጓዳ ቦታ ነበር። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። የታመመ ሰው እዚያ ይገባል፣ ጋደም ይላል፣ ሥራውን ሌሎቹ ይከፋፈሉለታል። ጋሼ ብቅ ካሉ አንዱ መኪና ያስነሳል፣ አንዱ መዶሻ ይጥላል፣ እማማ ላስቲክ ላስቲካቸውን ያንኮሻኩሻሉ። መጀመሪያ ላይ ከሥራ እንዳያባርሩን ብለው በፍርሃት ያደረጉት ነበር። በኋላ ግን ኩራት ሆነ፤ ጓደኛን ደብቆ እንደማስታመም ያለ ደግ ሥራ ምን አለ? እትዬ ጠርዝ ራሷ ስንቱን ትኩሳታም እዚያ አልብሳለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ከክምሩ ጀርባ ተሰበሰቡ።

"ማን እንዳቋረጠው ታውቃላችሁ?" አለች። "እኛ ነን። በደግነታችን። አሁን ባሌ ታሟል ብላቸው ማን ያምነኛል?"

"ታዲያ ምን እናድርግ፣ በተራ ቢሮ እየገባን እንሳልባቸው?" አለ ቢላው፣ ከተኛበት ሳይነሣ።

"እኔ የለሁበትም" አሉ እማማ ላስቲክ። "የደም ግፊቴን ልጆቼ እንኳ አያውቁም። ሰው ፊት ታመምኩ ከምል ራሴን ጠቅልዬ ባሽግ ይሻለኛል።"

"እማማ፣ ሐሙስ ባሌ ካልገባ..." ብላ ጀመረችና መሐረቧን ጨመደደች። እማማ ላስቲክ መቀነታቸውን አጥብቀው አሰሩና "በይ እሺ፣ ምን እናድርግ?" አሉ።

"ነገ ሁላችንም እንታመማለን። አዲስ ነገር አይደለም፤ የኖርንበትን ሕመም ነው የምንታመመው። ግን እዚህ አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ መሸጫው ውስጥ!"

በማግስቱ ጠዋት፣ ትልልቅ መስታወት ባለው መሸጫ ክፍል ውስጥ፣ ለሽያጭ በተዘረጉት ፍራሾች ላይ ሕሙማኑ ተደረደሩ። ቢላው በር አጠገብ ተኛ፤ ሳሉ መንገድ ድረስ እንዲሰማ። ፍራሽ የሚጭነው ጎረምሳ፣ ወገቡን አሞት የከረመው፣ በሆዱ ተደፋ። እማማ ላስቲክ "ይቆሽሻል" ብለው ላስቲኩን ሳያስወልቁ ወጡበት፤ በተነፈሱ ቁጥር ፍራሹ ይንኮሻኮሻል። መሃል ላይ፣ ከሁሉ በሚወደደው ወፍራም ፍራሽ ላይ፣ ሾፌሩ በፒጃማው ተዘረጋ። እሱ የተኛበት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ነው፤ አጠገቡ ግን ሌላ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል።

"ጋሼ ሲገቡ ታቃስታለህ" አለችው ሚስቱ። "ከልብህ።"

"ምን ያስቸግራል? ከሰሞኑ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?"

አንድ ያላሰበችው ነገር ግን ነበር። ይህቺ ዕድሜዋን ፍራሽ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ ቤቷ ያለው ፍራሽ መሃሉ ሰርጉዶ ጎድጓዳ ሳህን የሆነ ነው። ባሏ ከታመመ ወዲህ በዚያ ላይ አንዲት ሌሊት አልተኛም። አሁን ጀርባው ያንን ወፍራም ፍራሽ ሲያገኘው "እህህ..." ብሎ ማቃሰት ጀመረና፣ ማቃሰቱ እየረዘመ፣ እየለሰለሰ ሄዶ፣ ማንኮራፋት ሆነ።

"አንተ! ተነሥ!" ብላ ቆነጠጠችው። "አቃስት እንጂ!"

"እ... መጨረሻው ጋ ደረስን?" ብሎ ተገላበጠና ቀጠለ።

በዚህ መሃል እናትና ልጅ በሩን ከፍተው ገቡ። ልጅቷ ልታገባ ነው፤ ፍራሽ ሊገዙ ነው የመጡት። በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን አንከራተቱ።

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች እናት።

"ሕሙማን ናቸው" አለች እትዬ ጠርዝ።

"አይ እማዬ፣ ማስታወቂያ ነው" አለች ልጅ። "አሁን እንዲህ ነው የሚሠሩት።"

እናት ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብላ አጎንብሳ አየችው። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ፊቱ እንደ ሕፃን ሆኗል። "አባትሽ እንዲህ ተኝቶ አይቼው አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና አለች። "ይሄኛውን ስጡኝ።"

"የቱን?"

"ሰውዬው ያለበትን። ሰውዬውን አውርዱልኝና።"

ይኸኔ ጋሽ ይሄዳል ገቡ። ከመስታወቱ ውጭ መንገደኛ ተሰብስቦ ያያል፣ ውስጥ ደንበኛ ይገዛል። ፊታቸው በራ።

"ማን ነው ይሄን ያሰበው?"

"እትዬ ጠርዝ ናት" አሉ እማማ ላስቲክ እየተንኮሻኮሹ።

"እጅሽን ይባርክ! እኔ ስፌት ብቻ ነው የምትችይ ብዬ!"

ቢላው በሙሉ ኃይሉ ሳለ።

"አንተ ሳሉን ቀነስ አድርገው፤ የተኛውን ትቀሰቅስብኛለህ።"

"ጋሼ፣ ያ የተኛው ባሌ ነው" አለች እትዬ ጠርዝ። "ታሟል።"

"ታሞ እንዲህ ከተኛ ፍራሹ ምን ቢሆን ነው! በየቀኑ ይምጣ፣ እቀጥረዋለሁ!"

ያሰበችው ሁሉ ተገልብጦ ገበያ ሆነ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ባሏ ያንኮራፋል፣ አሠሪዋ ያመሰግናታል። እትዬ ጠርዝ ትሳቅ ታልቅስ ጠፍቷት ቆመች።

ጋሽ ይሄዳል ግን ደስታቸው ልክ አጣ። "ቆዩ፣ እኔም ላሳያችሁ" አሉ ለደንበኞቹ። ጫማቸውን አወለቁና መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን፣ ተዘረጉ። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣመሩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሠራተኛው በልማዱ ዝም አለ፤ ደንበኞቹም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዝም አሉ።

"ይሄዳል!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

"ይሄዳል..." አሉ ደግመው፣ ቀነስ ባለ ድምፅ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ።

ድምፁ ሾፌሩን ቀሰቀሰው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጎ አያቸው። "ጌታዬ፣ ወገብዎ ነው አይደል?" አለ በሹክሹክታ።

"ዝም በል።"

"እኔ ዕድሜዬን መሪ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ የወገብ ነገር አይሸሸገኝም። ማርሹ ቆልፎብዎታል። ከፍ ካለ ነገር ላይ መንሸራተት ይችላሉ፤ ከመሬት ግን መነሣት የለም። ልክ ነኝ?"

"ጠረጴዛው ያድነኝ ነበር" አሉ ጋሽ ይሄዳል ጣራውን እያዩ። "ሰው ባይሰማ ምን አለ? አሠሪው ታመመ ከተባለ ሠራተኛው ልቡ ይፈርሳል።"

"የርስዎ ሠራተኞች ደግሞ፣ ታመሙ ከተባልን ያባርሩናል እያሉ ከፍራሹ ክምር ጀርባ ተደብቀው ነው የሚታመሙት።"

"ከየትኛው ክምር?"

ሾፌሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ጠጠሩ ቀደመው። እጁ ወደ ቀኝ ጎኑ ሄደ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከውስጡ የወጣው ድምፅ የሚያስቅ አልነበረም። ማንም አልቆነጠጠውም። እትዬ ጠርዝ ጉልበቷ መሬት እስኪመታ ወደቀችና ራሱን ደገፈችው። "አለሁ፣ አለሁ፣ እዚሁ ነኝ" ትለዋለች። ሙሽሪት አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ ይሄዳል መነሣት አልቻሉም፤ ክንዳቸውን ግን ወደ ላይ ዘርግተው የሾፌሩን እጅ ያዙት። እሱም ያዛቸው፣ አጥብቆ፣ እስኪያማቸው ድረስ።

"እውነት ታማችኋል እንዴ?" አሉ ዓይናቸውን በክፍሉ እያዞሩ። "ሁላችሁም?"

"ትንሽ" አሉ እማማ ላስቲክ አንገታቸውን ደፍተው። "ግፊት ናት።"

"አስም" አለ ቢላው።

"እኔ ላነሣዎት ነበር ጋሼ" አለ ጫኙ በሆዱ እንደተደፋ፤ "ግን እኔም ወገቤ ነው።"

"ስልክ አምጡልኝ!" ብለው ጮኹ። ጸሐፊዋ እየሮጠች አመጣች። እዚያው እንደተንጋለሉ ደወሉ።

"ሃሎ! እኔ ነኝ ያቋረጥኩት፣ አሁን መልሱልኝ!... የለም፣ ዛሬ! አሁን!... ቢሮ መምጣት አልችልም፣ መነሣት ራሱ አልቻልኩም!... ምን ማለት ነው ማን ታሞ ነው? ሁላችንም!"

ዝም ብለው አደመጡ። ክፍሉ በሙሉ አብሯቸው አደመጠ። "ወሩ ስላላለቀ ይመለሳል፤ ዛሬውኑ ይከፈታል" አሉ፤ ስልኩም ከእጃቸው ሾለከ።

ፍራሽ የሚያመላልሰው መኪና ከኋላ በር ቆሞ ነበር። ሁለቱን ሰዎች ከነፍራሾቻቸው አንሥተው ጎን ለጎን ጫኗቸው። ቢላው በአንድ ማእዘን፣ ሙሽሪት በሌላው፣ እናቷም "የገዛሁትን ፍራሽ ወዴት ነው የምትወስዱት?" እያለች፣ ግን እሷም አብራ እየተሸከመች። መንገድ ላይ ሾፌሩ ሕመሙ ፋታ በሰጠው ቁጥር ወደ ፊት ይጮሃል፤ "ማርሽ ቀንስ! ጉድጓድ አለ! የሰው ሐሞት እኮ ነው የጫንከው!" ጋሽ ይሄዳልም ከጎኑ፣ "እሺ በለው እንጂ፣ ያውቃል!" ይላሉ።

መስኮቱ ጋ ያቺው ልጅ ነበረች። ካርዱን ተቀበለች፣ ነካ ነካ አደረገች።

"ይሠራል" አለች ልጅቷ። ከዚያ ከኋላ ተንጋለው የሚጠብቁትን ሰውዬ አየችና "እኚህስ?" አለች።

"አሠሪያችን ናቸው" አለች እትዬ ጠርዝ። "እሳቸውንም ጨምሪልን።"

ሾፌሩን ሕመሙን አስታግሰው እዚያው አቆዩት፤ ሐሙስ ኦፕራሲዮን ሆነ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው "ወረደ?" ብሎ ነው። ጠጠሩን በክብሪት ቀፎ አድርጎ፣ ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ "ይሄ ነው ሳይከፍል የተሳፈረው" እያለ ያሳይ ጀመር። ጋሽ ይሄዳል ወገባቸውን እየታሹ ሰነበቱ። ዛሬም በየጠዋቱ ጠረጴዛው ላይ ይተኛሉ። ከዚያ በፊት ግን ወደ ክምሩ ጀርባ አንገታቸውን ያስገቡና "ማን አለ?" ይላሉ። ሰው ካለ ወደ ሐኪም ይልኩታል። ከሌለ ተመልሰው ይጋደማሉ።

ለእትዬ ጠርዝ አዲስ ፍራሽ ሰጧት፤ ራሷ ጠርዙን የሰፋችውን። እሷን ራሷን ትራሱ ላይ እንደጣለች እንቅልፍ ይወስዳታል። ባሏ ግን ይገላበጣል፣ ይነሣል፣ ይተኛል።

"አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችው።

"እንጃ" አለ። "ሰው በመስታወት ካላየኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።"

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያወራሁላችሁ ይህንኑ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ነገር ሲቆረጥማችሁ፣ ሰው እንዳይሰማ ብላችሁ ጥርሳችሁን ስትነክሱ፣ እማማ ላስቲክ ላስቲኩ ላይ ሆነው "ትንሽ" ያሉባትን ቀን አስታውሱልኝ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ዝም ሲልም፣ እባካችሁ፣ ከክምሩ ጀርባ ብቅ ብላችሁ እዩት።